ለጠያቂዋ እህቴ፦ ዲቲውን አትግዢ፣ ሞላውንም አታስቆርጪ

ለመስክ ሥራ የትኛውን ሞተር ሳይክል ልግዛ ያልሽውን ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁመትሽ 1 ሜትር ከ54፣ ክብደትሽ 48 ኪሎ፣ ሥራሽ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር፣ መንገድሽ ግማሹ አስፓልት ግማሹ ጭቃ። የመሥሪያ ቤትሽ ወንዶች ደግሞ «ገጠር ለገጠር ከሆነ ያማሃ ዲቲ ነው፣ ከረዘመሽ ሞላውን ታስቆርጪዋለሽ» ብለውሻል። እኔ 1 ሜትር ከ52 ነኝ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ሲዳማ ውስጥ ከይርጋለም እስከ ሁላ ደጋ ክትባት ይዤ ስዞር ዓመታት አልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. ለእኔም የነገሩኝ ይህንኑ ነበር፣ ቃል ሳይቀር። ሰማኋቸው። ከሁለት ወር በላይ ደመወዜንና አንድ የተሰነጠቀ የእጅ አንጓ አስከፈለኝ።

ስለ ሄልሜት፣ ስለ ቦሎና ስለ ሊብሬ ሌሎች በቂ ስለጻፉልሽ አልደግመውም። በቀጥታ ወደ ሞተሩ ልግባ።

1. ሰው የሚጠይቅሽ ቁመትሽን ነው፤ ለሞተር የሚያስፈልገው ግን የእግርሽ ልክ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፤ ጠንካራ ደብተር በጭኖችሽ መሃል ወደ ላይ እስከ መጨረሻው ግፊው፤ ከደብተሩ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ለኪ። የእኔ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የዲቲ ወንበር ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱን ራስሽ አስቢው። ግን ከፍታው ብቻ እንዳያታልልሽ፣ ስፋቱም አለ። ሰፊ ወንበር ጭንሽን ወደ ጎን ይከፍተዋል፤ እግር ሲከፈት ደግሞ ያጥራል። እኩል ከፍታ ያላቸው ሁለት ሞተሮች ላይ ብትቀመጪ፣ ወደ ታንኩ በኩል ቀጠን ባለው ላይ እግርሽ መሬት ይነካል፣ በሰፊው ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ሳትቀመጪበት በፎቶና በቁጥር ብቻ አትግዢ። ስትሄጂም በነጠላ ጫማ ሳይሆን ለሥራ በምታደርጊው ቡትስ ሂጂ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ያን ሰሞን የሆንዳ ሬብል ፎቶ ልካልኝ ነበር፤ ወንበሩ 69 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ «ለአጭር ሴት የተሠራ ነው» አለችኝ። እውነትም ዝቅ ያለ ነው። የ500ው ክብደት ግን ወደ 190 ኪሎ ይጠጋል። ሁላ ላይ በክረምት፣ ሰው በሌለበት ጭቃ ውስጥ ቢወድቅብኝ ማን ያነሳልኛል? አንቺ 48 ኪሎ ነሽ፤ ከወንበሩ ከፍታ እኩል ክብደቱን ጠይቂ።

2. ይህን ሻጭ አይነግርሽም፣ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ሲቀመጥበት ሞላው፣ ማለትም ሾኩ ላይ የተጠመጠመው ጥቅልል ብረት፣ ስለሚሰምጥ ሞተሩ ዝቅ ይልለታል። አንቺ ስትቀመጪ ብዙም አይነቃነቅም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞተር ለአንቺ ከእሱ ይልቅ ከፍ ብሎ ይቆማል ማለት ነው። ባጃጅ ቦክሰርና እሱን የመሰሉ ከኋላ ሁለት ሾክ ያላቸው ሞተሮች ሞላው ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አላቸው፤ በመክፈቻ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ሰውና ጭነት ስለሚጭንበት እላይ አጥብቆት ነው የምታገኚው። ለብቻሽ ስትነጂ ወደ ለስላሳው ደረጃ አውርጂው፣ በሁለቱም ጎን እኩል። ዕቃ ወይም ሰው ስትጭኚ መልሰሽ ከፍ አድርጊው። ሥራው አምስት ደቂቃ ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም፣ የሚቆረጥም ነገር የለም።

3. ማስቆረጥ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

መሥሪያ ቤታችን ሁለት ሞተር ነበረው። ሁለቱም ቁልፎች ያሉት ወንዶች እጅ ነበር፤ አንደኛው በወር አንድ ቀን እንኳ መስክ የማይወጣ ሰው ነው። ስጠይቅ «ለሴት ሞተር አይመደብም፣ ብትወድቂ ማን ይጠየቃል?» ተባልኩ። በእግሬ ሦስት ሰዓት የምሄድበት ቀበሌ ነበረኝ፤ የክትባቱ በረዶ ሳልደርስ ይቀልጥ ነበር። በቁጭት ከእናቴ ተበድሬ ያገለገለ ዲቲ ገዛሁ። ቀብድ ካልሰጠሽ አትቀመጪበትም ያለኝ ሻጭ፣ ቀብዱን ከተቀበለኝ በኋላ ጣቶቼ ብቻ መሬት ሲነኩ አይቶ «ትለምጂዋለሽ» አለኝ። ቀብዴን ትቼ መውጣት ነበረብኝ። ዲቲ መጥፎ ሞተር አይደለም፣ ጭቃ ላይ የሚያህለው ጥቂት ነው። ግን የሚነሳው በእግር ተረግጦ ስለሆነ እኔ ለመርገጥ መጀመሪያ የምቆምበት ድንጋይ መፈለግ ነበረብኝ። መንገድ መሃል ሲጠፋብኝ ከኋላዬ ሲኖትራክ ጡሩንባ እየነፋ ድንጋይ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

መጀመሪያ ወንበር ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ስፖንጁን ከመሃል ስድስት ሴንቲ ሜትር ቆረጠልኝ፣ ጎንና ጎኑን ግን እንደነበረ ተወው። ስለዚህ ጭኔ ያው ተከፍቶ ቀረ፣ እግሬ ያገኘው ጥቂት ነው፤ በምትኩ ከይርጋለም ወደ አለታ ወንዶ ስሄድ ወገቤና መቀመጫዬ ፕላስቲኩ ላይ ነበር። ቀጥሎ አንድ መካኒክ «ሞላውን እናሳጥረው» አለኝ። የኋላውን ሞላ በግራይንደር ቆረጠው፣ የፊቱን ሾክ ቱቦዎች ወደ ላይ ሳበልኝ። እግሬ ደረሰ! አራት ቀን ሙሉ በደስታ ነዳሁ።

በአምስተኛው ቀን ገበያ ነበር። ከብት በሚከተብበት ሜዳ ዳር አቆምኩት። ሞተሩ ሲያጥር የጎኑ ስታንድ አብሮ አላጠረም። ስለዚህ ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ መቆም ሲገባው ቀጥ ብሎ፣ ከግራም ከቀኝም ሊወድቅ በሚችልበት ሁኔታ ነበር የቆመው። ይህን ያሰበ ሰው የለም፤ መካኒኩም እኔም። የአንድ በሬ ገመድ መሪውን ነካ አደረገው፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ሄደ። እኔ ልይዘው ሮጥኩ። አንጓዬ የተሰነጠቀው ያኔ ነው። የፍሬኑ እጀታ ተሰበረ፣ ታንኩ ጎደጎደ፣ የክትባት ሳጥኔ ተገልብጦ የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከርቀት የመጡ አርሶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ሳይከተቡ ተመለሱ። እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

የሚወድቅ ሞተር ግን አትያዢ። ልቀቂው። እጀታ ይገዛል።

ሞላውም ቢሆን፣ ሲቆረጥ የሚለሰልስ መስሎኝ ነበር። ተቃራኒው ነው፤ ያጠረ ሞላ ይደርቃል፣ የመስመጫ ቦታውም ይቀንሳል። ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እስከ መጨረሻው ይወርድና ይመታል፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈትጋል። ወር ሳይሞላ ሾኩ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መለዋወጫው ሃዋሳ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ ነው የመጣልኝ። ዲቲውን በኪሳራ ሸጥኩት፣ ለገዢውም የሆነውን ሁሉ ነግሬ።

ግድ ዲቲ ነው የምትነጂው ከተባልሽ፣ ለምሳሌ መሥሪያ ቤቱ የመደበልሽ እሱ ከሆነ፣ ሞላ አታስነኪ። ወንበር ሰፊውን ከታንኩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ጠርዞች ብቻ እንዲሞርድልሽ ንገሪው፣ የመሃሉን ስፖንጅ ይተወው። ሌላ ማሳጠር ከተደረገም ፊቱና ኋላው እኩል ይውረዱ፤ ስታንዱም በዚያው ልክ ተቆርጦ ይበየድ። ሥራው ሳያልቅ ሞተሩን ሜዳ ላይ አቁመሽ በጣትሽ ገፋ አድርጊው፤ ከተወዛወዘ ገንዘብ አትክፈይ።

4. «ሁለቱም እግርሽ መሬት መድረስ አለበት» የሚሉሽን። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቀን ፈታኙ ሰላሳ በሚሆኑ ወንዶች ፊት «መጀመሪያ እግርሽ ይደግ፣ ከዚያ ትመጫለሽ» ብሎ ከሞተሩ አስወረደኝ። ያልኩት ነገር የለም። አንድ ወር ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ተለማምጄ ተመለስኩ፤ ያው ሰው፣ ያው ረጅም ሞተር። ስምንት ቁጥሩን ዞርኩ፣ በግራ እግሬ ብቻ ቆምኩ፣ አለፍኩ። ፊርማውን ሲያኖር ቀና ብሎ አላየኝም።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ከመቆምሽ በፊት፣ ገና እየሄድሽ፣ ማርሹን አንደኛ ላይ አግቢ፤ ከቆምሽ በኋላ የግራ እግርሽ ሥራ አለበት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሜትሮች ላይ መቀመጫሽን ወደ ግራ ጠርዝ አንሸራቺ። ቀኝ እግርሽ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆይ፣ መሪው ቀጥ ይበል፣ ግራ እግርሽ ይውረድ። መሪው ዞሮ የፊት ፍሬን ከያዝሽ ሞተሩ ጎትቶ ይጥልሻል፤ አብዛኛው ሰው ቆሞ የሚወድቀው እንደዚያ ነው። የእኛ መንገድ ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ በቀኝ ስለምንነዳና አስፓልቱ ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ በግራሽ ያለው መሬት ከቀኙ ከፍ ይላል። ገጠር ላይ ዓይንሽ ሁልጊዜ የምትቆሚበትን ቦታ አስቀድሞ ይምረጥ፤ በግራ በኩል ጉብታ ያለበት እንጂ ቦይ ያለበት አይሁን።

አሁን ምን ትግዢ ላልሽው። እኔ ከዲቲው በኋላ ቦክሰር 150 ገዛሁ፣ በቁልፍ የሚነሳውን። በሜትር ስለካው ከዲቲዬ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፣ ከታንኩ በኩልም ቀጭን ነው። የግራ እግሬ ፊተኛው ግማሽ በደንብ ይረግጣል፣ ይበቃኛል። መለዋወጫው ትንሽ ከተማ ሁሉ አለ፣ ማንም መካኒክ ያውቀዋል። ጉድለቱንም ልንገርሽ፤ ሾኩ አጭር ነው፣ የደጋ ጭቃ የፊት ፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቅና ጎማውን ይይዛል። ክረምት ላይ ቀጭን ብረት ይዤ እየወረድኩ እጠርገዋለሁ። መንገድሽ ዓመቱን ሙሉ ጥልቅ ጭቃ ከሆነና መሥሪያ ቤቱ ያማሃ ኤጂ 100 ካለው እሱን ጠይቂ፤ ለእርሻ ሥራ ነው የተሠራው፣ በግራም በቀኝም ስታንድ አለው፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ቀሚስ ለሚለብስ ሰው ካቴና መሸፈኑ ትልቅ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ስኩተርም ጠይቀሻል፤ ለከተማ ጥሩ ነው፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ዝቅ ያለ ነው። መብራት ሁለት ቀን በሚጠፋበት ቀበሌ ግን አልመክርሽም።

አንድ የረሳሁት። ከኋላ የክትባት ሳጥን ከተጫነ እግርሽን በላዩ ማዞር አትችይም። ረጃጅሞቹ ይህ ችግር የለባቸውም፣ ስለዚህ አይነግሩሽም። እኔ ከፊት፣ በታንኩና በወንበሩ መሃል ነው እግሬን የማሳልፈው፤ ሱሪ ግድ ነው። ሳጥኑንም ካሪየሩ ላይ ወደ ላይ ከመደርደር ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ቦርሳ አሠሪ። ከፍ ብሎ የተጫነ አሥር ኪሎ ስትቆሚ ይጎትትሻል። ነጠላም ሆነ ሻሽ ከጃኬት ውጭ አይንጠልጠል፣ የኋላ ጎማ ይበላዋል።

ከወደቀም ብቻሽን ታነሺዋለሽ። ሞተሩን አጥፊ፣ ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ መሪውን ወደ ወደቀበት በኩል አዙሪው። ጀርባሽን ለወንበሩ ሰጥተሽ ቁጢጥ በዪ፤ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ካሪየሩ ላይ። ከዚያ በወገብሽ ሳይሆን በእግርሽ ግፊ፣ ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ። በቀኝ በኩል ከወደቀ ስታንዱን ቀድመሽ አውጪ፣ አለበለዚያ ወደ ሌላኛው ጎን ያልፍልሻል። ከእኔ በኋላ መሥሪያ ቤታችን የገቡ ሦስት ሴቶችን መጀመሪያ ያስተማርኳቸው መንዳት ሳይሆን ይህን ነው። ሦስቱም ዛሬ ይነዳሉ፣ ቁልፉም በእጃቸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ሃዋሳ ነኝ። ከመግዛትሽ በፊት በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ቦክሰሬ ላይ ተቀመጪበት፣ ሜዳ ላይ ትነጂዋለሽ፣ ቀብድም አልጠይቅሽም። ቡትስሽን አድርገሽ ነይ።