ዘንድሮ ብርዱ እንዴት ይሆናል? የተራራ ከተሞች ጥያቄና መልስ

የብርዱ ወራት ሲቃረብ በተራራ ላይ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ነዋሪዎች «ዘንድሮ እንዴት ይሆናል?» ማለት ይጀምራሉ። ሥራዬ የአየር ትንበያ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ደግሞ የተራራ አየር ነው። ስለዚህ የመጡልኝን ጥያቄዎች እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ። ክረምት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዝናቡን ስለሆነ፣ እዚህ «የብርድ ወራት» እላለሁ። አመዳይ የምለው እንደ ባዘቶ ለስልሶ የሚወርደውንና መሬት ላይ የሚከመረውን ነው። በረዶ ስል ደግሞ በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ተሠርቶ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ወይም ረግቶ የጠጠረውን ውኃ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ የወቅቱ ትንበያ «ከመደበኛው የሞቀ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ ነው» ይላል። ዘንድሮ አመዳይ አይኖርም ማለት ነው?

አይደለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ አያስደነግጥዎትም። የ30 ዓመታት የብርድ ወራት ከቀዝቃዛው እስከ ሞቃቱ ይደረደሩና እኩል ለሦስት ይከፈላሉ፤ አሁን መነሻ ሆኖ የሚያገለግለው ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ምንም የተለየ ፍንጭ ከሌለ እያንዳንዱ ሲሶ 33 በመቶ ዕድል አለው። 50 በመቶ ሲባል ሚዛኑ ወደ ሞቃቱ አዘንብሏል፤ ግን ከሁለት አንዱ ዕድል አሁንም ለመካከለኛውና ለቀዝቃዛው የተተወ ነው። ትንበያው የሦስት ወር አማካይ መሆኑንም አይርሱ። አማካዩ ሞቆ ሳለ በመካከሉ መንገድ የሚዘጋ የአሥር ቀን ብርድ ሊገባ ይችላል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የብርድ ወራት አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ የሆነ ከተማ በአንድ ዲግሪ ብትሞቅ ከዜሮ በታች 7 ትሆናለች፤ የሚወርደው ያው አመዳይ ነው። ዜሮ አካባቢ ላለች ከተማ ግን ያቺ አንድ ዲግሪ አመዳዩን ዝናብ ታደርገዋለች። አንድ ዓይነት ትንበያ ለሁለት ከተሞች ሁለት የተለያየ ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ኤልኒኖ ከሆነ ይህ፣ ላኒና ከሆነ ያ ይሆናል እያሉ ይነግሩናል። ማመን አለብን?

ማዳመጥ አለብን። ሁለቱም የሚለኩት ከእርስዎ ተራራ እጅግ ርቆ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ባለው የላይኛው ውኃ ሙቀት ነው። ውኃው ከአማካዩ በግማሽ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሞቆ ለወራት ከቆየ ኤልኒኖ፣ በዚያው ልክ ቀዝቅዞ ከቆየ ላኒና ይባላል። ያ ለውጥ በከፍታ ላይ የሚጓዙትን ታላላቅ የነፋስ ጅረቶች መንገድ ያስቀይራል፤ ወጀቦችም ጅረቱን ተከትለው ይሄዳሉ። የዚህን ግንኙነት ጫፍ ከያዙት ሰዎች አንዱ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሕንድን የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ይመራ የነበረው ጊልበርት ዎከር ነው። በእጅ ስሌት፣ ሰንጠረዥ ከሰንጠረዥ እያስተያየ፣ በፓስፊክ በአንደኛው ወገን የአየር ግፊት ከፍ ሲል በሌላው ወገን ዝቅ እንደሚል አሳየ። ይህ ትዕግሥቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ነገር ግን ማዘንበል መውደቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 መገባደጃ ከተመዘገቡት ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ ሲከሠት፣ በድርቅ ተጎድታ የነበረችው ደቡብ ካሊፎርኒያ በዝናብ ትጥለቀለቃለች ተብሎ ተጠበቀ። የተጠበቀው ዝናብ ሳይመጣ ወቅቱ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ደግሞ ላኒና ስለነበረ ደረቅ ወቅት ተገመተ፤ በ2023 መጀመሪያ ወራት ግን በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ያሉ ቤቶች እስከ ጣሪያቸው በአመዳይ ተቀበሩ። ጥቂት ብርቱ ወጀቦች መንገዳቸውን በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲቀይሩ የወቅቱ ታሪክ አብሮ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ወቅታዊ ትንበያ ምን ይጠቅማል?

ቀስ ብሎ ለሚዘጋጅ ሰው ይጠቅማል። ምን ያህል ማገዶ ወይም ነዳጅ ላከማች፣ አመዳይ የሚያሟሟው የመንገድ ጨው መቼ ይታዘዝ፣ ማጠራቀሚያ ገንዳው ይሞላ ወይስ ይጉደል የሚሉትን ለመሳሰሉ ውሳኔዎች ትንሽ ማዘንበል እንኳ ዋጋ አለው። የሠርግ ቀን ለመቁረጥ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለምን ከሁለት ሳምንት ወዲያ ያለውን ቀን በትክክል መናገር አልተቻለም? ኮምፒውተሮቹ እኮ እጅግ አድገዋል።

አድገዋል፤ ድንበሩ ግን ያለው በአየሩ ጠባይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በኮምፒውተሩ የሠራውን ትንሽ የአየር ሞዴል፣ ማለትም አየሩን በቁጥር የሚያስመስል ስሌት፣ እንደገና ሊያስኬድ ፈልጎ፣ ከመካከል ጀምሮ ቁጥሮቹን ከታተመው ወረቀት ላይ ገለበጠ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው 0.506127 ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን 0.506 ብቻ። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ሁለተኛው ውጤት በመጀመሪያ ከፊተኛው ጋር እየተመሳሰለ ሄዶ፣ ከዚያ ጨርሶ ወደማይገናኝ አየር ገብቶ አገኘው። ከሺህ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነው። የእኛ መለኪያዎች ደግሞ ከዚያ የባሰ ክፍተት አላቸው፤ በተራራማ አገር ይልቁንም ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም አብዛኞቹ ሸለቆ ውስጥ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዜናው «የዋልታው አዙሪት ተሰበረ፣ ብርቱ ብርድ ይመጣል» ይላል። ይህስ?

ይህ ከባዶ ወሬ አይቆጠርም። በብርዱ ወራት ከዋልታው በላይ፣ በስትራቶስፌር (ከደመናዎች በላይ ባለው የአየር ንብርብር) ውስጥ፣ እጅግ ቀዝቃዛ አየር የሚያሽከረክር ነፋስ ይኖራል፤ አዙሪቱ እርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ አዙሪቱ ከታች በሚወጣ ሞገድ ተመትቶ ይሰበርና በዚያ ያለው አየር በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ አሥር ዲግሪዎች ይሞቃል። ይህን ድንገተኛ ሙቀት መጀመሪያ ያየው እ.ኤ.አ. በ1952 በርሊን ላይ ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሪቻርድ ሼርሃግ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 እንዲህ ያለ መሰበር ደረሰ፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አውሮፓን ከምሥራቅ የመጣ ብርቱ ብርድ መታት። ሁልጊዜ ግን ወደ ታች አይደርስም፤ ሲደርስም የየትኛው አገር ዕጣ እንደሚሆን ከዚያ ርቀት አይታይም። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ በሚቀጥሉት ሳምንታት የአጭር ጊዜ ትንበያውን አዘውትረው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ስልኬ «2 ዲግሪ» ሲል ከቤቴ ደጃፍ ያለው መለኪያ ከዜሮ በታች 9 ያሳያል። የትኛው ነው የተበላሸው?

ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከዓለም ምርጥ ሞዴሎች አንዱ የሆነው፣ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ሞዴል፣ ምድርን የሚያያት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ቁራሾች ከፋፍሎ ነው። በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ የእርስዎ ከተማ፣ ከጎኗ ያለው ሸለቆና ከበላይዋ ያለው ጫፍ ሁሉ ተደፍጥጠው አንድ ለስላሳ ጉብታ ይሆናሉ። ስልክዎ የሚነግርዎት የዚያን ጉብታ ሙቀት ነው።

ሌላው ምክንያት የቀዝቃዛ አየር ኩሬ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲረጋ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። አመዳይ ካለበትም ይብሳል። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርድና ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ከዓመታት በፊት ይህን በዓይኔ ለማየት በአንድ ሌሊት ሦስት መለኪያ ይዤ ወጣሁ፤ አንዱን ወንዙ ዳር፣ አንዱን ከተማው መካከል፣ አንዱን 150 ሜትር ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ሰቀልሁ። ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ያለው ከዜሮ በታች 14፣ የላይኛው ከዜሮ በታች 5 ነበር። ወደ ታች ስወርድ ጉልበቴ ላይ የደረሰውን ብርድ ልክ ወደ ኩሬ እንደገባሁ ያህል ለይቼ አወቅሁት። የቤቶቹ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ክዳን እንደነካ ተጠፍጥፎ ወደ ጎን ይዘረጋ ነበር። ያ ክዳን የኩሬው አፍ ነው። ጭሱ እንዲህ ሲተኛ ካዩ፣ ልጆችና የመተንፈሻ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በማለዳ ሸለቆው ውስጥ እንዳይቆዩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የታመቀው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ጭሱም ነውና።

በአሜሪካ፣ በዩታ ተራሮች ፒተር ሲንክስ የሚባል ጎድጓዳ ሥፍራ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1985 ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ የተመዘገበው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሌሊት በብርድ ተኝተን ጠዋት ሞቅ ያለ ነፋስ አመዳዩን ጠራርጎት አገኘነው። ምን መጣ?

ከተራራው ማዶ የመጣ ነፋስ ነው። አየሩ በወዲያኛው ወገን ሲወጣ ዝናቡን ወይም አመዳዩን ያራግፋል፤ ደረቅ ሆኖ በእናንተ በኩል ሲወርድ በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ሲወጣ የቀዘቀዘው ግን ከዚህ ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም እርጥበቱ ወደ ደመና ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ ከተነሣበት ሞቆ ይደርሳል።

የዚህ ነገር ጥግ የታየው በአሜሪካ፣ በደቡብ ዳኮታ፣ ስፒርፊሽ በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1943 ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ነበር፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በላይ 7 ሆነ። 3፡00 ሰዓት ላይ 12 ደረሰ። ከዚያ ሞቃቱ ነፋስ ሲለቅ በ27 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ከዜሮ በታች 20 ገባ። የመስኮት መስታወቶች ተሰነጠቁ። ከተማው ልክ በቀዝቃዛው ኩሬ ጠርዝ ላይ ነበረ፤ ጠርዙ ወዲያና ወዲህ ሲል ከተማው አንዴ ውስጥ፣ አንዴ ውጭ ሆነ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ይሆናል ወይስ አመዳይ? የምንገኘው ልክ በድንበሩ ላይ ነው።

ከትንበያው ውስጥ ዜሮ ዲግሪ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚሆን ይፈልጉ። የአመዳዩ ወሰን ብዙ ጊዜ ከዚያ ከ200 እስከ 300 ሜትር ዝቅ ይላል፤ የሚወርደው ቅንጣት ሟሙቶ እስኪያልቅ ያን ያህል መንገድ ይፈጅበታልና። ሲበረታ ደግሞ የሚሟሟው አመዳይ ራሱ አየሩን ያቀዘቅዘውና ወሰኑ ይወርዳል። ማታ ዝናብ ነበር ብሎ የተኛ ሾፌር ሌሊት ተነሥቶ መንገዱ ነጭ ሆኖ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ጉንዳኖች ቤታቸውን ከፍ አድርገው ከሠሩ ብርዱ ይጸናል ይባላል።

ነፍሳት የሚያሳዩት ያለፈውንና የአሁኑን እርጥበትና ሙቀት ነው። የሚመጣውን ሦስት ወር አይናገሩም። የሽማግሌዎችን የነፋስና የደመና ምልክት ግን አልንቅም፤ ለነገና ለከነገ ወዲያ ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ጣሪያዬ ምን ያህል አመዳይ ይችላል? መቼ ልጥረገው?

ጥልቀቱን ብቻ አይዩ፤ ክብደቱን ይገምቱ። ገና የወረደ ደረቅ አመዳይ በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው። የሰነበተና የረጠበው 300 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ ሜትር የረጠበ አመዳይ የተከመረበት 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 30 ቶን ተሸክሟል ማለት ነው። ከሁሉ የምፈራው በአመዳይ ላይ የሚዘንብ ዝናብን ነው፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ እያዩ ሸክሙ ይጨምራል። ዝናብ ከተተነበየ ከዝናቡ በፊት ይጥረጉ፣ ብቻዎንም አይውጡ።

ጥያቄ፦ ከከተማችን በላይ ያለው ተዳፋት ያስፈራናል። የአመዳይ ናዳ አስቀድሞ ይታወቃል?

አደገኛው ቀን ይታወቃል፤ ሰዓቱና ቦታው አይታወቅም። ናዳ በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው። ብዙ አመዳይ በአጭር ጊዜ ሲወርድ፣ ነፋስም ከማዶ እየጠረገ ሲቆልልበት፣ ከሥሩ ደግሞ ደካማ ንጣፍ ሲኖር አደጋው ይከብዳል።

ጋልቱርን ላንሣ፤ ይህን ስም ሳልጠቅስ ስለ ተራራ አየር ተናግሬ አላውቅም። በኦስትሪያ ያለች ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ወጀብ በወጀብ ላይ ከሰሜን ምዕራብ እየመጣ ለሳምንታት አመዳይ ከመረ፤ መንገዱ ተዘግቶ ሰዎች መውጣት አልቻሉም። የካቲት 23 ቀን ናዳው ደኅና ተብሎ በተከለለው ሠፈር ላይ ወርዶ 31 ሰዎች ሞቱ። ቤቶቹ ክልክል ቦታ ላይ አልተሠሩም ነበር። ካርታው የተሣለው ከዚያ በፊት በታየው ነገር ነው፤ ያ ወር ግን ከዚያ በፊት ከታየው አለፈ። ስለዚህ የናዳ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ «እዚህ ደርሶ አያውቅም» የሚል ሰው ሲሰሙ፣ እባክዎ በዚያ ቃል ተማምነው ቤት ውስጥ አይቅሩ። መውጣት የሚቻለው መንገዱ ሳይዘጋ ነው። ለተቀበረ ሰው ዋነኛው ዕድል በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያድነው አጠገቡ ያለ ጎረቤት ነው።

ጥያቄ፦ ምድር እየሞቀች ከሆነ የእኛ አመዳይ ያበቃል?

እንደ ከፍታችሁ ነው። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የአመዳዩ ወሰን 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል። በዚያው አንድ ዲግሪ አየሩ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኞቹ ከተሞች አመዳዩን በዝናብ ይለውጡታል፤ እጅግ ከፍ ያሉትና የቀዘቀዙት ደግሞ አንዳንድ ወጀብ ከቀድሞው ከብዶባቸው ሊያዩ ይችላሉ። የሚያሳዝነኝ የታችኛው ገበሬ ነው፤ የተራራው አመዳይ ለእርሱ እስከ በጋ የሚቆይ ውኃ ነበር።

ጥያቄ፦ ከተማችን ጣቢያ የላትም። እኔ መመዝገብ ብጀምር ይጠቅማል?

እጅግ ይጠቅማል፤ ዛሬውኑ ይጀምሩ። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ክንድ የሚያህል ጠፍጣፋ ሳንቃ ከቤትና ከዛፍ ራቅ አድርገው መሬት ላይ ያስቀምጡ። በየቀኑ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የወረደውን አመዳይ በማስመሪያ ለክተው ይጻፉ፤ ሳንቃውን ጠርገው በአዲሱ አመዳይ ላይ መልሰው ያኑሩት። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት፣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደነፈሰ፣ ጭሱ ቆሞ ወጣ ወይስ ተኛ የሚለውንም ይጻፉ። ምንም ያልወረደበትን ቀን ባዶ አይተዉት፤ ዜሮ ብለው ይጻፉ።