አሊና ታይሰን ቢገጥሙ፦ ከወሎ የመጡ የቦክስ ጥያቄዎች

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ በአንድ ዘመን ያልነበሩ ከባድ ሚዛኖች አንድ ሪንግ ላይ ቢወጡ ማን ይወድቃል? ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከደሴ ፒያሳ፦ መሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? ከአቦል እስከ በረካ ተከራክረን አልተስማማንም፤ ምሳ ተወራርደናል።

የትኛው አሊ? የትኛው ታይሰን? ውርርዱ ላይ ይህ ካልተጻፈ ምሳው አይበላም። በ1980 ላሪ ሆምስ 10 ዙር ሲቀጠቅጠው መልስ ያጣውን አሊ ካቀረባችሁ ታይሰን ቶሎ ይጨርሰዋል። በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ የዘረረውን ታይሰን ካመጣችሁ ደግሞ ለአሊ ቀላል ምሽት ነው። ፍትሐዊው ግጥሚያ በኖቬምበር 1966 ክሊቭላንድ ዊልያምስን በ3ኛው ዙር ያስቆመው የ96 ኪሎው አሊ፣ በጁን 1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ከዘረረው የ99 ኪሎው ታይሰን ጋር ነው።

አሊ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው። ከምት ሲያመልጥ ጎንበስ ብሎ ወይም ወደ ጎን ዞሮ አይደለም፤ አገጩን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይስባል፣ ቀኝ እጁም ወርዶ ይቀራል። ያ ክፍተት የሚጋብዘው የግራ ሁክን (ክርን ታጥፎ ከጎን የሚዞር ምት) ነው። በ1963 ሄንሪ ኩፐር፣ በ1971 ጆ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር መሬት ላይ የጣሉት በዚያው ምት ነው። የታይሰን ዋና መሣሪያም ግራ ሁኩ ነው። የተጋጣሚውን ጃብ (በፊት እጅ ቀጥ ብሎ የሚሰነዘር ምት) በትከሻው ላይ አሳልፎ ከገባ በኋላ ጎን ይመታል፤ የተመታው ክንዱን ዝቅ ሲያደርግ ያው እጅ ወደ አገጭ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 4 ዙሮች ለአሊ እሳት ናቸው።

የታይሰን ችግር ደግሞ ከገባ በኋላ ሲያዝ ነው። አሊ በግራ እጁ ማጅራት ይዞ ወደ ታች ይጫናል፤ ታይሰን በተያዘ ቁጥር ራሱ ከመላቀቅ ይልቅ ዳኛው እስኪያላቅቀው ይቆማል። ዳግላስም፣ በ1996 ሆሊፊልድም ያደከሙት እንዲህ ነው። ማጅራት መያዝ በሕጉ ጥፋት ነው፤ ዳኛው ነጥብ የሚቀንስ ጥብቅ ሰው ከሆነ ሚዛኑ ወደ ታይሰን ያጋድላል። ዝም የሚል ከሆነ አሊ በ10ኛው ወይም በ11ኛው ዙር ያስቆመዋል። የእኛ ፍርድ አሊ ነው፤ ከ5ኛው ዙር በፊት ሁለቴ ወድቆ ቢነሳ ግን አይግረማችሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ 49ኙንም አሸንፏል። ያልተሸነፈ ሰው እንዴት ከተሸነፉት በታች ይቀመጣል?

ሴፕቴምበር 1952 ፊላደልፊያ ላይ ከጀርሲ ጆ ዋልኮት ጋር ያደረገውን ግጥሚያ እዩት። 12 ዙር ሲያልቅ ሦስቱም ነጥብ ሰጪ ዳኞች ዋልኮትን አስቀድመው ነበር። ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በአንዲት ቀኝ ዘረረው። ያኔ የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር፤ በዛሬው የ12 ዙር ሕግ ያ ምት ከመሰንዘሩ በፊት ደወሉ ተደውሎ፣ 49ኙ 48 ሆኖ አንድ ሽንፈት ይጻፍበት ነበር። ጆ ሉዊስም እንደዚያው ነው፦ በ1941 ከቢሊ ኮን ጋር ሲገጥም ከ12 ዙር በኋላ ሁለት ዳኞች ለኮን ሰጥተው ሦስተኛው እኩል ይዞ ነበር። እሱንም ያዳነው 13ኛው ዙር ነው።

ሚዛንም አለ። ማርሲያኖ 84 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከከባድ ሚዛን በታች ባለው እስከ 90.7 ኪሎ በሚፈቅደው ክሩዘር ሚዛን ነው የሚገጥመው። የእጅ ርዝመቱ 173 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእንግሊዛዊው ታይሰን ፊዩሪ (ማይክ ታይሰን አይደለም) 216 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ልዩነቱ 43 ሴንቲ ስለሆነ የፊዩሪ እጅ በአንድ ክንድ ያህል የሚረዝም ይመስለዋል። ልኬቱ ግን ሁለቱም እጆች ወደ ጎን ተዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ነው፤ ደረትም አለበት። ለሁለት ሲካፈል በአንድ እጅ የሚቀረው አንድ ስንዝር ገደማ ነው። ስንዝርም ቢሆን ለፊዩሪ ይበቃዋል።

ከሐይቅ፦ ኮምፒውተር ማርሲያኖ አሊን በ13ኛ ዙር ይዘርረዋል ብሎ ፈርዷል ይባላል። እውነት ነው?

ፊልሙ እውነት ነው፣ ፍርዱ ግን ማስረጃ አይሆንም። በ1969 ሁለቱ ራሳቸው ሪንግ ላይ ወጥተው የአንድ አንድ ደቂቃ ዙሮች ተጫወቱ፤ የተለያዩ መጨረሻዎችም ተቀረጹ። ማርሲያኖ ጓንት ከሰቀለ ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነው ክብደቱን ቀንሶ፣ መላጣውን በሰው ሠራሽ ፀጉር ሸፍኖ ነበር የቀረበው። ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 ሲታይ እሱ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። ለአሜሪካ ተመልካች ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሸነፈ፤ በአውሮፓ በታየው ደግሞ አሊ። ኮምፒውተሩ የተመልካቹን አገር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከወልዲያ፦ ጆርጅ ፎርማን ወይስ ታይሰን?

ፎርማን፣ የ1973ቱ። በዚያ ዓመት ኪንግስተን ላይ ጎንበስ ቀና እያለ ወደ ፊት የሚገባውን አጭሩን ፍሬዘርን በ2 ዙር 6 ጊዜ ጣለው። ታይሰንም አገባቡ ያው ነው፤ ጎንበስ ሲል ከታች ወደ ላይ የሚወጣው የፎርማን አፐርካት ይጠብቀዋል።

ከከሚሴ፦ ዩክሬናዊው ኡሲክ በአሊ ዘመን ቢኖርስ?

ቁመታቸው 191፣ የእጃቸው ልኬት 198፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። ልዩነቱ ኡሲክ ግራኝ መሆኑ ነው። ግራኝና ቀኘኛ ሲገጥሙ የፊት እጆቻቸው አንድ መስመር ላይ ስለሚጋጩ ጃብ እንደ ልብ አይሄድም፤ የፊት እግሩን ከተጋጣሚው የፊት እግር ውጭ ያሳረፈ ሰው የኋላ እጁ መንገድ ያገኛል። ኡሲክ በዚህ የእግር ጨዋታ በ2024 ወደ 18 ኪሎ የሚበልጠውን ፊዩሪን በነጥብ አሸንፏል። አሊ በ1966 ፍራንክፈርት ላይ ከግራኙ ካርል ሚልደንበርገር ጋር እስከ 12ኛው ዙር ድረስ ተቸግሮ ነው ያስቆመው። በ12 ዙር ኡሲክ በጠባብ ነጥብ፣ በ15 ዙር ግን አሊ እንላለን።

ከባቲ፦ የድሮዎቹን በቪዲዮ ስናያቸው እንደ አሻንጉሊት ይንቀጠቀጣሉ። በእርግጥ ጎበዞች ነበሩ?

አብሽር፣ ጥፋቱ የፊልሙ ነው። በጃክ ጆንሰንና በጃክ ዴምፕሲ ዘመን ካሜራው በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ ከ24 ያነሱ ምስሎች ይቀርጽ ነበር፤ በኋላ በ24 ሲታይ ሰውዬው ይፈጥናል፣ ይቆራረጣል። ቪዲዮውን በ0.75 ፍጥነት አጫውቱትና የጆንሰንን እጆች ተመልከቱ፤ የተጋጣሚው ምት ሳይጀምር ክንዱ ላይ ያዝ ያደርገዋል።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ግጥሚያው እዚህ ደሴ ቢሆንስ?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። መጀመሪያ የሚያለከልከው ትልቅ ጡንቻ ተሸክሞ በኃይል የሚሰነዝረው ነው። ፎርማን በ1974 ከአሊ ጋር ሲገጥም ዝቅ ባለችው ኪንሻሳ እንኳ በ8ኛው ዙር አልቆለት ነበር፤ እዚህማ 5ኛውን ባይጨርስ አይደንቅም። ሁለቱም 3 ሳምንት ቀድመው መጥተው አየሩን ይልመዱ። ቀኑ ከደረሰባቸው ግጥሚያው 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ኮምቦልቻ ይደረግ።