«በ» አንድ ስትሆን እንግሊዝኛው ለምን ሦስት ሆነ?

ጠያቂያችን «‹ኢን ዘ ሞርኒንግ› ተብሎ ተምሬ ሳለ፣ ሰኞ ጠዋት ለማለት ‹ኦን መንደይ ሞርኒንግ› የሚባለው ለምንድን ነው?» ሲሉ ላቀረቡት ጥያቄ፣ እንግሊዝኛ በማስተማር ካሳለፍኋቸው ዓመታትና ከራሴም ስሕተት ያገኘሁትን አካፍላለሁ።

የችግሩ ሥር አማርኛችን «በ»ን ለሁሉም ማዋሉ ነው። በሦስት ሰዓት፣ በዕለተ ሰኞ፣ በመስከረም፣ በ2010 ዓ.ም. ስንል መስተዋድዷ አትለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ጊዜውን በስፋቱ ስለሚለይ፣ ለቁርጥ ሰዓት «አት»ን፣ ለዕለት «ኦን»ን፣ ብዙ ቀናት ለሚይዙት ለወር፣ ለወቅትና ለዓመት ደግሞ «ኢን»ን ይሰጣል። ጠዋት ብቻውን ሲጠራ «ኢን» ይወስዳል፤ የዕለቱ ስም ሲጨመርበት ግን ዕለቱ ስለሚገዛው ወደ «ኦን» ይዞራል። «አት ናይት» ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው፤ እንዲሁ መልመድ ይሻላል።

ተማሪዎቼን ከዚህ የባሰ ሲያስቸግራቸው ያየሁት፣ አማርኛው መስተዋድድ እያለው እንግሊዝኛው የማይፈልግበት ቦታ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ሰኞ ስለምንል «ኢን ላስት ዊክ»፣ «ኦን ኔክስት መንደይ» ብለን እንጽፋለን፤ «ላስት» ወይም «ኔክስት» በዚህ ዐይነት ከጊዜው ስም ሲቀድም ግን መስተዋድዱ ይቀራል። «ከአምስት ዓመት በፊት» የሚለውም «ቢፎር ፋይቭ ይርስ» እየተባለ ይተረጎማል። ከአሁን ወደ ኋላ ስንቆጥር ትክክሉ «ፋይቭ ይርስ አጎ» ሲሆን፣ «ቢፎር»ን «ከፋሲካ በፊት» እንደምንለው የታወቀ ነገር ለምንጠቅስበት እንተወዋለን።

«እስከ» ደግሞ እኔኑ አሳፍሮኛል። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ለውጭ አገር ሰው አለቃዬ ሪፖርቱን እስከ ዓርብ እልካለሁ ለማለት «አንቲል ፍራይደይ» ብዬ ጻፍሁ፤ እርሳቸውም እስከ ዓርብ በየቀኑ ልልክላቸው እንደ ሆነ ጠየቁኝ። «አንቲል» ሳይቋረጥ ለሚዘልቅ ነገር ነው፤ እስከ ዓርብ እቆያለሁ እንደማለት። አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ለሚያበቃና ቀነ ገደብ ላለው ሥራ የሚስማማው «ባይ» ነው። አማርኛው ለሁለቱም «እስከ» ስለሚል፣ ከመጻፋችን በፊት ግሡ የሚቀጥል ነው ወይስ የሚያበቃ ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይኖርብናል።

ከሁሉ የሚከፋው «በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ» የሚለው ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ለኛም ሁለት ፍች አለው፤ የቀጠሮውን ሰዓት ወይም መንገዱ የሚፈጀውን ጊዜ ሊናገር ይችላል። አንድ ተማሪዬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለማለት «ኢን ቱ ኦክሎክ» ብሎ ሲጽፍ በአንድ ሐረግ ሁለት ስሕተት ሠርቷል፤ መስተዋድዱ «አት» መሆን ነበረበት፣ የኛ የጠዋቱ ሁለት ሰዓትም በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ስምንት ነው። መስተዋድዱን ብቻ አርሜለት ቢሆን ኖሮ፣ አንባቢው ከቀትር በኋላ በኛ አቆጣጠር በስምንት ሰዓት መጥቶ ይጠብቀው ነበር። መንገዱ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅበት ለመናገር ፈልጎ ቢሆን ግን «ኢን ቱ አወርስ» ይበቃው ነበር፤ ይህም አሁን ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣልኝ መስተዋድዱን ከማረሜ በፊት «ስንት ሰዓት ላይ ነው ወይስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ በአማርኛ እጠይቃለሁ።