ኮፍያው ከየት መጣ?

ማይክ ፊት አዲስ ለምትቀመጡ ልጆቼ፣

ጀማሪ ሳለሁ አንድ እሁድ ማታ የስፖርት ፕሮግራም ላይ ነበርኩ። አንድ አጥቂ ሦስት ጎል አግብቷል። ሞቅ አለኝና “ሀትሪክ ማለት አስማተኛ ከኮፍያው ሦስት ነገር እንደሚያወጣው ነው” ብዬ ለቀቅኩት። ማንም አልጠየቀኝም። “ሀት” ኮፍያ፣ “ትሪክ” ብልሃት፤ ገጣጠምኩት፣ አማረልኝ። ወዲያው ስልክ ጮኸ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። “ልጄ፣ ኮፍያውስ እውነት ነው። አስማተኛውን ግን ከየት አመጣኸው?” አሉኝ። በቀጥታ ስርጭት!

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ቃሉ ለካ የክሪኬት ነው። እዚያ ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይከላከላል። ኳሷ እንጨቶቹን ከመታች መቺው ይወጣል። አንዱን ማስወጣት ራሱ ላብ ያስጠምቃል። በ1858 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ፣ ሃይድ ፓርክ የሚባል ሜዳ ላይ፣ ኤች ኤች ስቴፈንሰን የተባለ እንግሊዛዊ በተከታታይ ሦስት ኳስ ሦስት መቺ አስወጣ። ገንዘብ ተዋጣና ኮፍያ ተገዛለት። ለሦስት ሰው አንድ ኮፍያ! እንግሊዞች እጃቸው ጠበቅ ያለ ነው።

ቃሉ ወደ እግር ኳስ ሲሻገር “በተከታታይ” የሚለው መንገድ ላይ ቀረ። እኛ ጋ ሦስት ያገባ ሀትሪክ ሠርቷል፤ አለቀ። ጀርመኖች ግን ጥብቅ ናቸው። ንጹሕ ሀትሪክ የሚሉት አንድ ተጫዋች በአንድ አጋማሽ፣ መሐል ሌላ ሰው ሳያገባ ሦስቱን ሲደረድር ነው። አሁን የ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን አስቡ። ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ የእንግሊዙ ጄፍ ኸርስት ምዕራብ ጀርመን ላይ ሦስት አገባ፤ አንዷን በ18ኛው ደቂቃ፣ ሁለቱን በጭማሪ ሰዓት። መሐል ላይ የቡድን ጓደኛው ፒተርስም አግብቷል፣ ጀርመኖቹም አቻ አድርገዋል። በራሳቸው ሚዛን ከሄድን፣ 4ለ2 ተሸንፈውም “ንጹሕ ሀትሪክ አልተሠራብንም” ብለው መከራከር ይችላሉ።

እና ልጆች፣ በየቀኑ የምትሉትን ቃል አንዴ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ካላወቃችሁ “አጣርቼ እመለሳለሁ” በሉ። አድማጭ እሱን አይቀየምም።

በሳምንቱ እርማቴን አነበብኩ። መምህሩ ድጋሚ ደወሉ። “ጎሽ! እስቲ ደግሞ ደርቢ የሚለውን ንገረን” አሉ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።