አሮጌ ቫን ለምን ይጮኻል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አልጋና ማብሰያ ስለተገጠመላቸው አሮጌ ቫኖች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ለዛሬ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአለሁ።

አንድ የፒያሳ አስጎብኚ አሮጌ ናፍጣ ሃያስ ገዝቶ አልጋ አስገጥሟል። እንግዳ ይዞ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ግን ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚናገረው አይሰማም። የፍራሽ ስፖንጅ ላሜራው ላይ ሊለጥፍ ነው፤ ስንት ሳንቲ ይሁን ይላል።

ወንድሜ፣ ስፖንጁን ለፍራሽ አውለው። ክረምት ላይ ውኃ ይጠጣል፣ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ላሜራውን ከውስጥ ያዝገዋል። እሳት ሲነካውም ቶሎ ይቀጣጠላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሚጮኸው ምን እንደሆነ ገና አለማወቅህ ነው። ጩኸት መሸፈን ያለበት ምንጩ ከታወቀ በኋላ ነው።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ማርሹን ፎሌ አድርግና (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ቀስ እያልክ ነዳጅ ስጥ። ቆሞ እያለ ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ያለው ሞተሩ፣ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ወይም ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ነው። ቆሞ ጸጥ ካለና በ70 ወይም በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የእግር ጎማዎቹን፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ መገጣጠሚያ (ክሮቸራውን) እና የዘንጉን ኩሽኔታ አስፈትሽ። የሞተር ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያኔ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ወደ ቦዲው ያልፍና ሰፊው ላሜራ እንደ ከበሮ ይመታል። አንዱን ብቻ ቀይረህ ሌላውን አሮጌ አትተው።

በአሮጌዎቹ ሃያሶች ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ስለዚህ የሞተሩ ክዳን ዙሪያውን ያለው ጎማ ካለቀ፣ ጩኸቱም ሙቀቱም ጠረኑም ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ እሱን ቀይር። በመቀጠል ወለሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ድፈን፤ አቧራውም የሚገባው በዚያው ነው። ላሜራውን የምትነካው ከዚህ በኋላ ነው። ከላይ አሉሚኒየም ያለው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር የቡቲል ጎማ ይሸጣል። ላሜራውን ሁሉ መሸፈን አያስፈልግህም። የሰፋፊዎቹን ላሜራዎች መሐል፣ ሲሶ ያህሉን ብትለጥፍ መርገብገቡ በጣም ይቀንሳል። የቀረውን ድምፅ የሚውጠው ደግሞ እንደ በግ ጸጉር ያለ ነገር ነው። አሮጌ ባና ካለህ ከሽፋኑ ጀርባ ማድረግ ትችላለህ፤ ብቻ ደረቅ ይሁን፣ ከሞተሩና ከማርሚታው ይራቅ።

ፖርቶ መጋላዬ (ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ያፏጫል ላሉት፦ የፊተኛውን ብረት ቀጭን ገመድ አራርቀው ይጠምጥሙበት። ነፋሱ ይሰበርና ፉጨቱ ይቀንሳል።

ሳህንና ብርጭቆ ይንኳኳል ላልሽው፦ በመካከላቸው ጨርቅ አድርጊበት።

የአዘዞ አንባቢያችን ቫናቸው ብዙ ወራት ቆሞ ነበር። አሁን መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ቢያሠሩም አልተሻለውም።

ረጅም ጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ይጠፈጠፋል። ትንሽ ሲነዳና ሲሞቅ ካልተስተካከለ ባላንስ አያድነውም። ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2316 ካለ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም እንዲህ ያረጀ ጎማ ይዘው ሊማሊሞን አይውረዱ። ጎሚስታው ዘንድ ሲሄዱ ቸርኬው መጣመሙንም ያሳዩ።

ጣሪያውን ከውስጥ ሬንጅ ልቀባው? አይሆንም። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይንጠባጠባል። እርስዎ ደግሞ ከሥሩ ተኝተዋል።

አንድ ሹፌር ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ ጆሮው እንደሚጮኽ ጽፏል። 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ መስማት ጆሮን ይጎዳል። በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር የምትጮኽ ከሆነ እዚያ ደርሰሃል። ለጆሮ ሐኪም ታይ።

የማራኪ ሰፈሯ እህታችን ጉዳይ ግን አሳስቦኛል። ከባለቤቷ ጋር ቫናቸውን ድምፅ እንዳያስገባ አድርገው ደፍነውታል፤ አሁን በጣም ጸጥ ያለ ነው። ተራራው ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከሰል ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ሲያልቅ ምድጃውን አስገብተው ይተኛሉ። «ጭስ ከሌለው ምን ችግር አለው?» ትላለች።

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ጀምራችሁ ተዉት። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። የጋመ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ድምፅ እንዳይገባ የደፈናችሁት ቀዳዳ አየር የሚገባበትም ነበር። አንድ መስኮት ገርበብ ማድረግም ከሰልን አደጋ የሌለው አያደርገውም። ለብርዱ ብርድ ልብስ ደርቡ፤ ሙቅ ውኃ በጎማ ከረጢት ይዛችሁ ተኙ። ሞተር አስነስታችሁም አትተኙ። አንዳችሁን ራሱን ካዞረው ሁለታችሁም ወዲያው ውጡና ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለአስጎብኚውም ለአንቺም የምለው አንድ ነው። ቫን ደፍኖ ከመተኛት በፊት ማርሚታው ከሞተሩ እስከ ጫፉ በመካኒክ ይፈተሽ። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ ከሥር ቲክ ቲክ የሚል ወይም የሚተነፍስ ድምፅ ካለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። መካኒኩ «ትንሽ ነው፣ ችግር የለውም» ካላችሁ ሌላ መካኒክ ጋ ውሰዱት። እስኪበየድ ድረስ ውስጡ አትደሩ።