ልጄ ለኬጂ ደርሷል ወይ?

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ፊደል ገና አልለየም፣ ሰው ሲበዛበት ደግሞ እኔ ላይ ይለጠፋል። ኬጂ ላስገባው ወይስ አንድ ዓመት ይቆይ?

መልስ፦ እህቴ ፊደሉን ተይው፣ እሱን እዛው ያስተምሩታል። ይልቅ ሽንቱ ሲመጣ ይናገራል ወይ፣ ሱሪውን በትንሽ እርዳታ ያወልቃል ወይ፣ ለማያውቀው ሰው "አመመኝ" "ውሃ ጠማኝ" ማለት ይችላል ወይ፣ "ጫማህን አውልቅና እጅህን ታጠብ" ስትዪው ሁለቱንም ያደርጋል ወይ፣ እነዚህን እዪ። ማፈሩ ብቻውን አያስቀረውም፣ ብዙ ልጅ መጀመሪያ አልቅሶ ነው የሚለምደው። ከአሁኑ ዘመድ ጋር ለትንሽ ሰዓት እየተውሽ አለማምጂው፣ ግን ተደብቀሽ እንዳትወጪ እባክሽ፣ ቻው ብለሽ መቼ እንደምትመለሺ ንገሪውና በሰዓቱ ተመለሺ፣ ተደብቀሽ ስትጠፊ ነው የሚብስበት። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይ ንግግሩ ለሌላ ሰው የማይገባ ከሆነ ግን ዓመት አትጠብቂ፣ ቶሎ ሃኪም ጆሮውን ይየው።