የማይናበቡ መሥሪያ ቤቶች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ማዕከላዊ መንግሥት፣ ክልልና ማዘጋጃ ቤት በዲጂታል አገልግሎት ላይ እንዴት ተናበው ይሥሩ? በዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ብዙ ዓመት የሠራሁት የማዘጋጃ ቤት ሲስተሞችን ከማዕከል ጋር በማገናኘት ላይ ነው። የምመልሰውም ከዚያው ወንበር ሆኜ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የልደት ምስክር ወረቀቴን የሰጠኝ መንግሥት ነው። ሌላ ቢሮ ስሄድ ያንኑ ወረቀት አምጣ እባላለሁ። ራሱ የሰጠኝን ለምን ከእኔ ይጠይቃል?

ለእርስዎ መንግሥት አንድ ነው። ከውስጥ ሲያዩት ግን ወረቀቱን የሰጠዎት አንድ ቢሮ፣ የሚጠይቅዎት ሌላ ቢሮ ነው። በጀታቸው ይለያያል፣ አለቃቸው ይለያያል፣ ሲስተማቸውም ይለያያል። እነሱ ስለማይነጋገሩ መልእክተኛው እርስዎ ይሆናሉ። ኮፒ አድርገው፣ ማኅተም አስመትተው፣ መረጃውን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በእግርዎ ያደርሳሉ። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ቢሮዎቹን እርስ በርስ ማነጋገር ይቻላል።

እንግሊዝ አገር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ሞቱን የሚያስመዘግበው በአካባቢው አስተዳደር ነው። መዝጋቢው «አንዴ ንገሩን» ለሚባለው አገልግሎት የሚሆን መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በዚያ ቁጥር አንድ ጊዜ ሲያሳውቁ፣ ወሬው ለጡረታ፣ ለግብር፣ ለፓስፖርትና ለመንጃ ፈቃድ ክፍሎች እንዲሁም ለራሱ ለአካባቢው አስተዳደር ይደርሳል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በየቢሮው እየዞረ «አባቴ ሞቷል» ሲል መዋል የለበትም። የሁለት እርከን መንግሥት ትብብር ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉንም መረጃ አንድ ትልቅ ዳታቤዝ ውስጥ ከትቶ መገላገል አይሻልም?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እኔ አልደግፈውም። አንድ ቦታ የታጨቀ ነገር ሲሰረቅም ሲበላሽም አንድ ላይ ነው። በዚያ ላይ መረጃ የሚወለደው ታች ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ቤት ሲቀይር፣ ቤት ለሌላ ሰው ሲዞር ቀድሞ የሚያውቀው የአካባቢው ቢሮ ነው። መረጃውን ከእሱ ነጥቃችሁ ላይ ስትሰቅሉት፣ ስሕተቱን የሚያውቀውና የሚያርመው ሰው ይራራቃሉ።

ኢስቶኒያ በ2001 ኤክስ-ሮድ የሚባል የመረጃ መለዋወጫ ሥራ ላይ አዋለች። መረጃው እያንዳንዱ ቢሮ ጋ እንዳለ ይቀመጣል። ሌላው ሲፈልግ በተጠበቀ መስመር ይጠይቃል፤ የተፈቀደለት ብቻ ይሰጠዋል። ማን መቼ እንደጠየቀም ይመዘገባል። ሕጋቸው ደግሞ አንድ ዓይነት መረጃ ለመሰብሰብ ሌላ ዳታቤዝ ማቋቋምን ይከለክላል። ለእኔ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ትልቋ ነገር ይህቺ አንቀጽ ናት። ሰው ሁሉ ሶፍትዌሩን ያደንቃል፤ አንቀጿን ግን ማንም አያነሳትም።

አንድ የጋራ መዝገብ የሚያዋጣበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። ጣሊያን ወደ 7,900 የሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶቿ ለየብቻ ይይዙት የነበረውን የነዋሪዎች መዝገብ አንድ አድርጋለች። ሕጉ የወጣው በ2012 ነው። የመጀመሪያዋ ከተማ ባኛካቫሎ የገባችው በ2016፣ የመጨረሻው ማዘጋጃ ቤት የገባው ደግሞ በ2022 መጀመሪያ ላይ ነው። አሥር ዓመት ማለት ነው። ልብ በሉ፣ መዝገቡ አንድ ቢሆንም የሚጽፉበትና የሚያርሙት ዛሬም ማዘጋጃ ቤቶቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወጪውን ማን ነው የሚሸፍነው? እኛ ጋ ሁሌ ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው።

በየትም አገር ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። ከቴክኒኩ በላይ ሥራ የሚያቆመው ይህ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ አውጥቶ፣ ሠራተኛ መድቦ መረጃውን ያጠራል። ጥራቱ የሚጠቅመው ግን በአብዛኛው ማዕከሉን ነው። ታዲያ ለሌላ ሰው ጥቅም ከራሱ ኪስ የሚያወጣ ከንቲባ ከየት ይመጣል?

ጀርመንን እዩ። በ2017 አንድ ሕግ ወጣ። ማዕከላዊ መንግሥቱ፣ 16ቱ ክልሎችና ወደ 11,000 የሚጠጉት ማዘጋጃ ቤቶች አገልግሎታቸውን እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ኦንላይን እንዲያደርጉ አዘዘ። አገልግሎቶቹ ተጠቃለው 575 ሆኑ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ስሙም «አንዱ ለሁሉም» ነው፤ አንድ ክልል ይሠራል፣ ሌሎቹ ወስደው ይጠቀማሉ። ለምሳሌ የመኖሪያ አድራሻ ለውጥን ኦንላይን የማስመዝገቡን አገልግሎት የሠራችው ከክልሎቹ አንዷ የሆነችው ሃምቡርግ ናት። ቤት የቀየረ ሰው በስልኩና በመታወቂያው ያስመዘግባል፤ መታወቂያው ላይ የሚለጠፈው አዲሱ አድራሻ በፖስታ ይመጣለታል።

ቀነ ገደቡ ግን አልተሳካም። በብዙ ቦታ ፊት ለፊት ያለው ፎርም ኦንላይን ሆነ፣ ከጀርባ ያለው የቢሮ ሥራ ግን ወረቀት እንደሆነ ቀረ። አገልግሎቱን ወስዶ ለመጠቀምም ከክልሉ ጋር ውል፣ ዓመታዊ ክፍያና የራስን ሲስተም ማገናኘት ይጠይቃል። ለትንሽ ማዘጋጃ ቤት ይህ ቀላል አይደለም። መሥሪያ ገንዘብ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ማስኬጃና መጠገኛ ነው የሚጠፋው።

ዴንማርክ በሌላ መንገድ ሄደች። ከ2001 ጀምሮ መንግሥትና የማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር፣ ክልሎቹም ጭምር፣ የዲጂታል ስትራቴጂያቸውን አብረው ነው የሚፈርሙት። ገንዘቡንም በየዓመቱ በሚያደርጉት የበጀት ስምምነት ላይ ይደራደሩበታል። በ2009 ደግሞ ኮምቢት የሚባል የማዘጋጃ ቤቶች የጋራ ድርጅት ተቋቋመ፤ ሶፍትዌር ለ98ቱም አንድ ላይ ሆኖ ይገዛል። አንድ ትንሽ ከተማ ብቻዋን ከሻጭ ጋር ስትደራደርና 98 ሆነው ሲደራደሩ አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምሠራው ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ነው። የአይቲ ሠራተኞች ሁለት ብቻ ነን። ማዕከሉ በየጊዜው አዲስ ሲስተም ይልክብናል። አሮጌውም አይቆምም። ምን እናድርግ?

ወንድሜ፣ ያለህበትን ቦታ በደንብ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ወስዳችሁ እያንዳንዱ ሠራተኛ ያንኑ መረጃ ስንት ስክሪን ላይ እንደሚጽፍ ቁጠሩ። አስተያየት አይደለም የምልህ፣ ቁጥር። «ይከብደናል» ስትላቸው ማዕከሎች አይሰሙህም። «የአንድ ልጅ ስም አራት ቦታ እንጽፋለን» ስትላቸው ግን የሚመልሱት ይጠፋቸዋል።

ሁለተኛ፣ ብቻህን አትሂድ። ከጎረቤት ማዘጋጃ ቤቶች ጋር ሆናችሁ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ሦስተኛ፣ አዲስ ሲስተም ሲመጣ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አሮጌው መቼ ነው የሚዘጋው? ቀኑ በጽሑፍ ካልተሰጠህ ሁለቱንም ለዘላለም ተሸክመህ መቅረትህ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተሞቹ ከተገናኙ በኋላም ዳታው አይመሳከርም። ለምን?

ሽቦ መገናኘትና መግባባት ስለሚለያዩ። የአውሮፓ ኅብረት የሚጠቀምበት ማዕቀፍ መናበብን በአራት ደረጃ ያየዋል፦ ሕግ፣ አሠራር፣ ትርጉምና ቴክኒክ። ቴክኒኩ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከልምዴም ቀላሉ እሱ ነው። ሰው የሚያልቅበት ትርጉሙ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከሁለት ቢሮ የመጡ ዝርዝሮችን ስናመሳክር ብዙ ስም «አልተገኘም» አለን። አንድ በአንድ ስናይ ሰዎቹ ሁለቱም ጋ አሉ። አንደኛው ቢሮ «ኃይለማርያም» ብሎ ገጥሞ ጽፏል፣ ሌላው «ኃይለ ማርያም» ብሎ ለያይቷል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ «ሀይለማሪያም» ሆኗል። ለእኔና ለእናንተ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው። ሣህሉና ሳህሉም እንደዚያው። አንዲት ባልደረባችን ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ በቀይ እስክሪብቶ ስታዛምድ ዋለች።

ለዚህ መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ሰው ሁሉም ቢሮ የሚጠቀምበት አንድ መለያ ቁጥር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የአጻጻፍ ስምምነት፣ በመጨረሻም ስሕተት ሲገኝ የሚያርመው ቢሮ የትኛው እንደሆነ መወሰን። ይህ ሦስተኛው ካልተወሰነ ባለጉዳዩ «እዚያ ሂድ»፣ «እዚህ ተመለስ» ሲባል ይከርማል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ቢሮ የእኔን መረጃ ማየት ከቻለ ግላዊነቴስ?

ስጋትዎ ትክክል ነው። መገናኘት ማለት ሁሉም ሁሉን ያያል ማለት መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ ቢሮው የሚያስፈልገው «ዕድሜው 18 ሞልቷል ወይ?» ለሚለው አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ነው፤ የልደት ቀንዎ እንኳን አያስፈልገውም። እንዲያውም ፎቶ ኮፒው ነው ሁሉን የሚያሳየው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የመታወቂያ ኮፒ ማን እንዳየው ማንም አያውቅም። ኢስቶኒያ ውስጥ ግን ዜጋው በመንግሥት ፖርታል ገብቶ መረጃውን የትኛው ቢሮ እንዳየ ማየት ይችላል። የእርስዎ አገር ሲስተም ይህን ካልፈቀደ ይህንኑ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ሲስተም የለም» ስንባል ተጠያቂው ማነው?

አንድ ሰኞ ጠዋት የሆነውን ልንገራችሁ። ማዕከል ያለ አንድ ቢሮ ቅዳሜና እሑድ ሲስተሙ ውስጥ መረጃ የሚሞላበትን የአንድ ሳጥን ቅርጽ ቀየረ፤ ለእኛ አልነገረንም። ሁለት ሰዓት ላይ መስኮት ስንከፍት ምንም አይሄድም። የማዕከሉን ሰው ብንፈልግ ስልኩን የሚያነሳ የለም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ስትል ዋለች። አንዲት እናት ሕፃን አዝለው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የተሰደበችው ልጅቷ ናት፤ ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ቢሮ ጋር የአንድ ገጽ ስምምነት ተፈራረምን። ማንኛውም ለውጥ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነገራል። መሞከሪያ ሲስተም ይኖራል። በሁለቱም ወገን ስም ያለው ሰውና የሚነሳ ስልክ ይኖራል። ሲስተም ቢወድቅ ደግሞ ባለጉዳይ አይመለስም፤ በወረቀት ተመዝግቦ በኋላ ይገባል። ዘመናዊ ነገር የለበትም፤ ግን ሠርቷል።

ጥያቄ፦ ብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት፣ የተጻፈበትን ለመቀየር የሚያስቸግር መዝገብ) ይፈታው ይሆን?

አይፈታውም። የሁለት ቢሮ ኃላፊዎች ያልተስማሙበትን ነገር ማንኛውም ሶፍትዌር አያስማማላችሁም።

ጥያቄ፦ እናቴ ስማርት ስልክ አትጠቀምም። ሁሉም ዲጂታል ሲሆን እሷ የት ትሂድ?

መስኮቱ መዘጋት የለበትም። ዴንማርክ በ2014 ዜጎች የመንግሥትን ደብዳቤ በዲጂታል ፖስታ እንዲቀበሉ ስታስገድድ፣ ለማይችሉት ነፃ የመሆን መብት አስቀምጣለች። መናበብ የሚጠቅመው እኮ ኦንላይን ለሚገባው ብቻ አይደለም። ቢሮዎቹ ከተገናኙ እናትዎ አንድ መስኮት ሄደው ያልቅላቸዋል፤ ቀሪውን ጸሐፊዋ ከወንበሯ ትጨርሰዋለች።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከማዕከል፣ ከክልልና ከማዘጋጃ ቤት የተውጣጣ ኮሚቴ ውስጥ ተመድቤያለሁ። ከየት እንጀምር?

ከሰው ሕይወት አንድ አጋጣሚ ምረጡ። የልጅ መወለድ ይሁን፣ የቤት መቀየር፣ ወይም ሞት። አንድ ብቻ። ከዚያ አንድን ባለጉዳይ ከመጀመሪያው መስኮት እስከ መጨረሻው አብራችሁ ተከተሉ፤ ሦስታችሁም፣ በእግራችሁ። ስንት ጊዜ ስሙን እንደጻፈ፣ ስንት ኮፒ እንደሰጠ፣ ስንት ቀን እንደፈጀበት መዝግቡ። መስኮት ላይ የምትሠራዋን ሠራተኛም ኮሚቴው ውስጥ አስገቧት፤ የመናገር መብት ኖሯት፣ የትራንስፖርቷም ወጪ ተሸፍኖ። የመጀመሪያው ስብሰባችሁ አጀንዳ እሷ የምታመጣው ዝርዝር ይሁን።